የማይዘል ልብ

የ2012 ክረምት ለወንጪ ሰው ከባድ ነበር። ጎብኚ ከመጋቢት ጀምሮ ቀርቷል። ሐምሌ ላይ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ በረዶ ወርዶ ገብሱን አስተኛው። ድንቹ ከመሬት ሳይወጣ በሰበሰ። ሦስት ፈረሶች ነበሩኝ። አንዱ በሆድ ቁርጠት ሞተ፣ አንዱን ሸጥኩት፣ ዳማ ብቻ ቀረ። እንሰት ስለነበረን አልተራብንም። ስለዚያ ክረምት ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ጳጉሜን ላይ ከሐይቁ ዳር ማገዶ ጭኜ አቀበቱን ስወጣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።

ፈረስ የሚያከራይ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። አቀበቱ ሲያልቅ እጅህን ከፈረሱ የፊት እግር ኋላ፣ ከብብቱ ሥር ታስገባለህ። ልቡ እስኪረጋ ትቆያለህ። አልረጋ ካለ እንግዳውን ታወርደዋለህ፤ ቢቆጣም ታወርደዋለህ። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ፈረስ በዓይኑ ያታልልሃል፣ በጆሮው ያታልልሃል፤ ከብብቱ ሥር ያለው ግን አያታልልም። ያን ቀን እንደ ልማዴ እጄን አስገባሁ። የዳማ ልብ ረጋ። የእኔ አልረጋም።

ጎረቤቴ ደቻሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ።

«አካም ጅርታ፣ ቱፋ? ዛሬ ፈረሱ አንተን ሊጭን ነው ወይስ አንተ ፈረሱን?»

«ትንሽ ላርፍ ብዬ ነው።»

እግሬን አየ። አብጦ ጫማው አልገባ ስላለኝ ተረከዙን ረግጬው ነበር። ደቻሳ ቀልዱን ተወ። ሐሙስ ዕለት በአይሱዙ አሳፍሮ አምቦ ወሰደኝ። መንገዱን ሁሉ እጄ ደረቴ ላይ ነበር። ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ የገዛ ልቤን እንደ ባዕድ ፈረስ ፈራሁት።

* * *

በሆስፒታሉ ሐሙስ የልብና የግፊት ቀን ነው። አግዳሚው ላይ ሃያ ያህል ሰው ተደርድሮ ነበር። እያንዳንዱ ካርዱን በጉልበቱ ላይ ይዟል። ቦታ ሳገኝ ተቀመጥኩ።

ከፊት ለፊቴ ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት ነበረች። መነጽሯ በክር ተንጠልጥሏል። መነጽሩን አደረገችና አየችኝ። አወለቀችው። እንደገና አደረገችው።

«ቱፋ ኤጄታ» አለች። «ሠላሳ አንደኛ።»

በዚያ ቁጥር ከተጠራሁ አርባ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

በ1971 መሠረተ ትምህርት በእኛ ቀበሌ ሲጀመር ጣቢታ ነገራ ከከተማ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ ሃያ ሦስት። ከሥራ በኋላ በገብስ ጎተራው ጥላ ሥር ሠላሳ አንድ ሰው ታስተምር ነበር። እኔ በስም መዝገቧ ላይ የመጨረሻው ነበርኩ። ጽፋ ከጥቁር ሰሌዳው ፊቷን ወደ እኛ ባዞረች ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር። ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ከፈረስ ጋር ያደገ ሰው ልብን ያውቃል።

በመጨረሻው ቀን ለሁላችንም አንድ ሥራ ሰጠች። እያንዳንዳችሁ አንድ ደብዳቤ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ትምህርቱ የሚያልቀው ያኔ ነው አለች። ፖስታው ላይ «ሀገረ ሕይወት» ብለን እንድንጽፍ አሳየችን፤ አምቦ ያኔ በወረቀት ስሟ ያ ነበር። ሠላሳው ላኩ። እኔ አልላክሁም። ልጽፍ ያሰብኩት ተማሪ ለመምህሩ የሚጽፈው አልነበረም። እሷ የወንጌላዊ ነገራ ልጅ ናት፤ እኔ በቂርቆስ ታቦት ሥር ያደግሁ፣ ፈረስ የምጎትት ሰው። ዓለሚቱን አገባሁ። ጥሩ ሚስት ነበረችኝ፤ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ጣቢታም አስተማሪ አገባች፤ እሱም ሞቷል።

«ደህና ነሽ፣ መምህርት?» አልኳት።

«ጡረታ ወጥቻለሁ። ለግፊት እመላለሳለሁ። አንተስ?»

«ልብ ነው አሉ።»

«ልብማ ድሮም ነበረህ» አለችና ፈገግ አለች።

ስሜ ተጠራ። ሲስተር ቢሊሴ የምትባል ወጣት ነርስ ክንዴን አሰረች፣ የደም ሥሬን ያዘች፣ ሰዓቷን አየች።

«መቶ ሃያ ስምንት። ሮጠው ነው እንዴ የመጡት፣ ኦቦ ቱፋ?»

«ተቀምጬ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስሮጠው?»

በሩን አየሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ግራጫው ኮት ይታያል።

«እንጃ» አልኩ። ግን አውቄዋለሁ። በስልሳ አምስት ዓመቴ አውቄው ደስ አለኝ።

* * *

ሐኪሙ በደንብ አስረዳኝ። ግፊቱ ለብዙ ዓመት ልቤን አድክሞታል። የደከመ ልብ ይሮጣል። ሲሮጥ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም፤ ካልሞላ ደግሞ የሚረጨው የለውም። እግሬ ያበጠው ከዚያ ነው። ይህ ገባኝ። ደንብሮ የሚጋልብ ፈረስም መንገድ አይገፋም።

ሁለት ዓይነት ክኒን ታዘዘልኝ። አንዱ ውሃውን የሚያስወጣ፣ ሌላው ልብን የሚያዘገይ።

«ይቺ ሁለተኛዋን በራስዎ እንዳያቋርጡ» አለች ሲስተር ቢሊሴ። «ደህና ነኝ ብለው በድንገት ቢተዋት ልብዎ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። ጨው ይቀንሱ። ጠዋት ጠዋት ጣትዎን እዚህ አድርገው፣ ሰዓት እያዩ ቆጥረው ደብተር ላይ ይጻፉ። መጻፍ ይችላሉ?»

«ተምሬያለሁ።»

«እንግዲህ ይራመዱ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ እየጨመሩ። ልኩን ልንገርዎ፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ደህና ነው። መዝፈን ከቻሉ በጣም አዝግመዋል። ማውራት ካቃትዎ ደግሞ ይቁሙ።»

ለሁለት ሳምንት ዋጥኩ። እብጠቱ ጎደለ። ጫማዬ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ተመልሼ መጣሁ። ጣቢታ አግዳሚው ላይ ነበረች፤ ያው ግራጫ ኮት፣ ያው መነጽር። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

ምንም።

እጄን ከኮቴ ሥር አስገባሁ። ልቤ እንደ አሮጌ በቅሎ ይራመዳል። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። አልዘለለም፤ አልፈጠነም።

«ምነው፣ አመመህ?» አለች።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

ደህና ነበርኩ። ያስፈራኝም እሱ ነው። አርባ ሁለት ዓመት የቆየው ነገር በሁለት ሳምንት ክኒን ከጠፋ፣ ድሮም በሽታ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

* * *

ያም ሆኖ አብረን መራመድ ጀመርን። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት፤ ለእኔም ታዞልኛል አለች። ከሆስፒታሉ ወጥተን በሁሉቃ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ መንገድ እንሄዳለን። ቀጠሮዬ በወር አንድ ጊዜ ነበር። ሐሙስ ግን በወር አራት ነው፤ አራቱንም መጣሁ።

ጣቢታ ስትራመድ ትዘምራለች። ከልጅነቷ ነው።

«ሲስተር የነገረችንን ረሳሽ?» አልኳት። «መዝፈን ከቻልሽ አዝግመናል።»

«ዘፈን አይደለም፤ መዝሙር ነው።»

«ለልብ ያው ነው።»

«እሺ እንፍጠን። ግን ካንተ ጋር ልኩ አይታወቅም እኮ። ዝም ያልከው ትንፋሽ አጥሮህ ነው ወይስ አንተ ስለሆንክ?»

«እኔ ስለሆንኩ ነው።»

«እንግዲያው በየመቶው እርምጃ አንድ ቃል ተናገር። ለጤናህ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየመቶው እርምጃ አንድ ነገር እናገር ነበር። ስለ ዳማ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ዓለሚቱ። እሷም ስለ ባሏ። ጥር ላይ ሠላሳ ደቂቃ ደረስን። መጋቢት ላይ የወንጪን አቀበት ግማሹን ሳልቆም ወጣሁ። ደቻሳ ከላይ ሆኖ አጨበጨበ፤ ሰደብኩት።

ልጇ ጋሮማ በጌዶ ከተማ የቢሮ ሠራተኛ ነው። አንድ ሐሙስ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ በእናቱ ቤት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ላይ ቆሞ አገኘኝ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ለእናቴ ፈረስ ሊሸጡላት ነው?»

«አልሸጥም።»

«ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ምን ያመጣዎታል?»

«ቀጠሮ።»

«ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው» አለና በእጁ አሳየኝ።

አልተቆጣሁም። እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ወደዚያ በኩል ሄድኩ፤ ጀርባዬ ላይ የሱ ዓይን ይሰማኝ ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጣቢታ ቆመች።

«ጋሮማ ወደ ጌዶ ነይ ይለኛል። ከእኛ ጋር ኑሪ፣ ቤቱን እናከራየው ይላል። ሰው ምን ይላል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሽማግሌዎች ምን ይላሉ ይላል። የወንጌላዊ ነገራ ልጅ ከአንድ የወንጪ ፈረሰኛ ጋር መንገድ ለመንገድ ትዞራለች ተብሏል።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አንተ ምን ትላለህ?»

ምን እንደምትጠይቀኝ ገብቶኛል። መልሱም ከልቤ መምጣት ነበረበት። ጣቴን የደም ሥሬ ላይ አደረግሁ፣ ሰዓቴን አየሁ። ስልሳ ሁለት። እንደ ጠዋቱ። አሁን እንኳን አይነቃነቅም። ደግሜ ቆጠርኩ።

ቀና ስል ፊቷ ተለውጧል።

«ሚኒባስ ያመልጥሃል?» አለች። «ከቸኮልክ ሂድ።»

«አልቸኮልኩም።»

«ሰዓት እያየህ ነው፣ ቱፋ።»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? ልቤን ስጠይቀው ዝም አለኝ ልበላት? መቶ እርምጃ ሄድን፣ ሁለት መቶ ሄድን። አንድም ቃል አልተናገርኩም። እሷም አልዘመረችም።

* * *

ቀጥሎ በነበሩት ሐሙሶች አልሄድኩም። በሦስተኛው ሳምንት የሚኒባስ ረዳት ፖስታ አመጣልኝ። ጽሕፈቷን ከሩቅ አወቅሁት፤ ከጥቁር ሰሌዳው ጀምሮ አልተለወጠም።

«ቱፋ፣ ጋሮማ ግንቦት ሠላሳ ዕቃውን ይጭናል። ቤቱን የሚከራይ ሰው መጥቶ አይቷል። እኔ ጌዶ መሄድ አልፈልግም። ግን በስልሳ አንድ ዓመቴ ልጄን እምቢ የምለው ምክንያት ሲኖረኝ ነው። ምክንያት እንደሌለኝ ከሰዓትህ ተረዳሁ። ተሳስቼ ከሆነ ንገረኝ። መናገር የሚከብድህ ከሆነ መጻፍ አስተምሬሃለሁ። ጣቢታ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳማ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

ልዋሻት አልፈለግሁም። አትሂጂ ማለት ቀላል ነው። ግን ባዶ ልብ ይዤ አትሂጂ ብላት፣ የደከመ ፈረስ ላይ እንግዳ እንደመጫን ነው። ማወቅ ነበረብኝ። ልቤን ያሰረው ክኒኑ ከሆነ ክኒኑን ትቼ ልየው አልኩ። እሑድ ግንቦት 22 ቀን አልዋጥኩም። ሐሙስ እሷን ሳያት ከዘለለ እነግራታለሁ። ካልዘለለ ጌዶ ትሂድ።

ሰኞ ሰባ ስምንት ቆጠርኩ። ማክሰኞ ዘጠና ስድስት። ረቡዕ መቶ አሥር። ትንፋሼ አጠረ፤ ግን እሰይ አልኩ፤ ነቃ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አምቦ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «አምቦ፣ አምቦ!» ብሎ ሲጮህ ልቤ ዘለለ። ያዘለለው አምቦ የሚለው ስም ነው ብዬ ተደሰትኩ። ትንሽ እንደሄድን አንድ አይሱዙ በጎናችን አለፈ፤ ልቤ ዘለለ። ስንወርድ ውሻ ጮኸ፤ ዘለለ። አንዲት ሴት ባልዲ ጣለች፤ ዘለለ። ያኔ ቆምኩ። አርባ ዓመት ልብ ስዳብስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን አላየሁም አልልም። ይህ ልብ ጣቢታን አያውቃትም። የደነበረ ፈረስ ነው፤ ለሁሉም ይዘላል።

ታዲያ እኔ እዚህ ያለሁት ለምንድነው? ልቤ አላመጣኝም። እግሬ ነው ያመጣኝ፤ ሐሙስ ስለሆነ። ክኒኑን በዋጥኩባቸው ሐሙሶች ሁሉ እንዲሁ አምጥቶኛል።

ይህን ለመናገር በሩ ላይ ደረስኩ። ሰማያዊውን ቆርቆሮ አንኳኳሁ። ጣቢታ ከፈተች። አፌን ከፈትኩ፤ አየር አልነበረም። በየመቶው እርምጃ አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። እሱም ጠፋኝ። መሬቱ ወደ እኔ መጣ።

* * *

ስነቃ አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን፣ ክንዴ ላይ መርፌ ነበር። ሲስተር ቢሊሴ ከኮቴ ያወጣችውን ደብተር ይዛ ቆማለች።

«ግንቦት 22፣ ስልሳ አራት። ዛሬ አልዋጥኩም» ብላ አነበበች። «ኦቦ ቱፋ፣ ምን ብዬዎት ነበር?»

«እንዳያቋርጡ።»

«ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አሁን የምቆጣው ሰው አላገኝም ነበር። ምን ሊሆኑ ነው?»

ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። አነበበች። እንደገና ገለጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ ብሎ ሄደ። አልጋው አጠገብ ወዳለው ወንበር ዞረች፤ ጣቢታ እዚያ ተቀምጣ ነበር።

«መምህርት፣ ይህን እርስዎ ያንብቡት» አለች። «እኔ ቁጥር ብቻ ነው የጠየቅኋቸው።»

ጣቢታ መነጽሯን አደረገች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስታነብ ሰማኋት።

«ታኅሣሥ 8። ስልሳ ሁለት። ሐሙስ። ጉልበቷን አመማት፤ ቀስ አልን።

ጥር 20። ስልሳ። ሐሙስ። ዘመረች። ቃሉን አላውቀውም።

ጥር 23። ስልሳ አንድ። እሑድ። አራት ቀን ቀረው።

መጋቢት 9። ስልሳ። ሐሙስ። አልመጣችም፤ ጉንፋን ነው አሉ። በበሯ አልፌ ተመለስኩ።»

ደብተሩን ዘጋችው። ጣቷን ገጹ መካከል እንዳደረገች ቆየች።

«ለምን አቋረጥከው?»

«ድልድዩ ላይ ስትጠይቂኝ ልቤን ቆጠርኩት። ሰዓት ያየሁት ለዚያ ነው። ድሮ ሳይሽ ይዘል ነበር። ያኔ ግን ዝም አለ። ያልዘለለበትን ነገር ልነግርሽ አልፈለግሁም።»

«አሁንስ ዘለለ?»

«ዘለለ። ለአይሱዙም ዘለለ። ለውሻም።»

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ የመድኃኒት ቤት ፌስታል አወጣችና መዳፌ ላይ አደረገችው። ውስጡ ያለው ከክኒኔ ጋር አንድ ነው። ያው ነጭ፣ ያው መሐሉ ላይ መስመር ያለበት።

ስምንት ወር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። የምትውጠውን ጠይቄያት አላውቅም። እኛ አገር ሰው በሽታውን ይናገራል እንጂ ክኒኑን አያሳይም።

«ስድስት ዓመቴ ነው» አለች። «ልቤ ለማንም አይዘልም። ባለቤቴ የሞተ ቀን ነርሷ ለካችኝ፤ ስልሳ ስድስት ነበር። ሳላቋርጥ አለቅሳለሁ፣ ልቤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሄዳል። ክፉ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»

እጇን ፌስታሉ ላይ፣ እጄ ላይ አደረገች።

«ሐሙስ ጠዋት ግን ሁለት ጊዜ ኮት እቀይራለሁ፣ ቱፋ። ተመልሼ ግራጫውን እለብሳለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ያየህኝ በሱ ስለሆነ። ይህን ሁሉ የማደርገው በስልሳ ምት ነው።»

በሩ ላይ፣ ዕቃ ሊያስር የመጣው ጋሮማ ቆሞ ነበር። በጀርባው ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ያስገባኝ እሱ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። በእጁ አንድ ጫማዬን ይዟል።

«ባጃጁ ውስጥ ቀርቶ ነበር» አለ። ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር፣ ከጓደኛው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው። ፊቴን ግን አላየም። አፍሮ ይሁን አዝኖ አላወቅሁም፤ ለሁለታችንም ከበደን።

* * *

እሑድ ከአልጋ ተነሳሁ። ክኒኑን ውጬ፣ ቆጥሬ፣ ከደብተሩ መጨረሻ አንድ ወረቀት ቀደድኩ። ስጽፍ ዋልኩ።

ሰኞ ግንቦት ሠላሳ ጠዋት ከሆስፒታሉ ወጥቼ ስደርስ ሰማያዊው በር ተከፍቶ ነበር። መኪናው በኋላው ገብቷል። አልጋው ተፈቷል፣ ካርቶኖቹ ታስረዋል። ጣቢታ ግቢው መካከል ቆማለች። ፖስታውን ሰጠኋት። ላዩ ላይ «ለመምህርት ጣቢታ ነገራ፣ ሀገረ ሕይወት» ብዬ ጽፌያለሁ፤ እንዳስተማረችን። የአገሩን ስም ስታይ ዓይኗን አነሳች፤ ከዚያ ከፈተችው።

«በመጀመሪያ ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ስልሳ ሁለት ነው። ደብዳቤው ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። በ1971 የምጽፈውን አውቅ ነበር፤ ድፍረት አጣሁ። ዛሬም የምጽፈው ያንኑ ነው። ጌዶ አትሂጂ። ሐሙስ አይበቃኝም፤ የቀሩት ስድስት ቀኖች ይረዝሙብኛል። አንቺ ቤተ ክርስቲያንሽን ትሄጃለሽ፣ እኔ ጾሜን እጾማለሁ። የት እንደምንኖር አንቺ ንገሪኝ፤ ዳማ ሣር ካገኘ የትም ይኖራል። ልቤ አይዘልም። ረግቶ ሳለ ጠይቄው የሰጠኝ መልስ ይህ ነው። ተማሪሽ ቱፋ ኤጄታ።»

አንብባ ጨረሰች። ወረቀቱን በቀድሞው እጥፋት መልሳ አጠፈችው። ወደ ካርቶኖቹ ሄዳ የአንዱን ገመድ ፈታች። መጻሕፍት አወጣች፣ የተማሪ ፎቶግራፎች አወጣች። ከሥር ጠርዙ የተበላ ቀጭን መዝገብ መዘዘች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

ሠላሳ አንድ ስም ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። «ደብዳቤ» ከሚለው አርእስት ሥር በቀይ ቀለም ሠላሳ የእርማት ምልክት ወደ ታች ወርዷል። ከመጨረሻው ስም ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«እማዬ» አለ ጋሮማ ከመኪናው አጠገብ፣ «ሹፌሩ እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ። እያረምኩ ነው።»

ጋሮማ እናቱን አየ። እኔን አየ። መዝገቡን አየ።

«ላሰናብተው?» አለ በቀስታ።

«አሰናብተው፣ ልጄ። አንጫንም።»

ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር በካርቶኑ ጫፍ ላይ ደጋግማ ሞከረችው፤ በመጨረሻ ጻፈ። ከዚያ በጣቷ መስመሩን ተከትላ ከስሜ ወደ ባዶው ቦታ ሄደች፣ አርባ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የቆየው ቦታ ላይ ምልክቱን አደረገች።

ቀለሙ እስኪደርቅ መዝገቡን አልዘጋችውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።